የ13 ዓመቱ አባቴ

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ ዘጋች የተባለ ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ አባቴን የሚያህል የተደሰተ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ስለ አውስትራሊያ የሚያውቀው ካንጋሮ እንዳለ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን «አገር ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራላት ከረመ። ዜናውን ያገኘው ከፌስቡክ ነው።

ሕጉ የጸደቀው ኅዳር 2017 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ታኅሣሥ 1 ቀን 2018። 16 ያልሞላው ልጅ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ፣ ስናፕቻትና ዩቲዩብ ላይ አካውንት መያዝ አይችልም። ልጆቹን ለማስቀረት በቂ ጥረት ያላደረገ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

«ልጁስ?» አለ አባቴ።

«አይቀጣም።»

«ወላጁስ?»

«እሱም አይቀጣም።»

ወላጅ እንደማይቀጣ ሲሰማ ፊቱ በራ። ልጅ እንደማይቀጣ ሲያስበው ግን «ሕጉ ትንሽ ጎደሎ ነው» አለ።

እኔ 15 ዓመቴ ነው። ነገሩ የሚመለከተው የእኔን እኩዮች ነው፤ ሐሳባችንን የጠየቀን ግን የለም። ስለ ልጆችና ስለ ስልክ እድር ላይ ይወራል፣ ሰንበቴ ላይ ይወራል፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ይወራል። እኛ ከመሃል ብንገባ «ትልቅ ሰው ሲያወራ!» ይባላል። ስለዚህ እዚህ ልናገር።

መጀመሪያ ነገር፣ የሰውን ዕድሜ ማን ነው የሚያውቀው? እኔ አካውንት የከፈትኩት በ12 ዓመቴ ነው። ከ13 በታች አይቻልም ይላሉ። 13 የምትባለው ቁጥር የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ካወጣችው ሕግ ነው። ሕጉ ያለው ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ አትሰብስቡ ነው። ኩባንያዎቹ እናት አባትን ከመለመን ልጁን አትግባ ማለት ቀለላቸው። በር ላይም አንዲት ጥያቄ አቆሙ፤ መቼ ተወለድክ?

የተወለድኩት ጥር 2003 ነው። የክርስትና ካርዴም የትምህርት ቤት ካርዴም እንደዚያ ይላሉ። እኔም እንደዚያው ሞላሁ፣ ገባሁ። የእነሱ 2003 የእኛው 2003 አለመሆኑን የጠየቀኝ የለም። በአንድ ጣት ንክኪ ከ12 ዓመት ወደ 20 ተዛወርኩ። አልዋሸሁም። ዋሽተሃል የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ሄዶ ከባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጋር ይከራከር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ማስታወቂያ የሠርግ አዳራሽና የመኪና ብድር ሆነ። ድምፄ ሳይጎረንን ስለ ወለድ ብዙ አወቅሁ።

የአባቶቻችን ዘዴ ከዚህ ይሻላል። አባቴ መንዝ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሲገባ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ አልነበረም። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ ተባለ። ነካ፣ ተመዘገበ። አብሮት የሄደው አጎቴ ግን ጭንቅላቱ ትልቅ ነውና ጣቱ ጆሮው ጋ አልደረሰለትም። ወደ በጎቹ ተመለሰ። ዛሬም ለምን እንዳልገፋበት ሲጠየቅ «ጭንቅላቴ ከዕድሜዬ ቀድሞብኝ ነው» ይላል። ያም ሆነ ይህ፣ በዓመተ ምሕረት ጆሮውን ያታለለ ልጅ የለም።

አሁን ደግሞ በካሜራ ፊትን አይቶ ዕድሜ የሚገምት ማሽን መጥቷል። አውስትራሊያም ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። እዚህ ያምጡትና እንየው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ፊት ይልጣል። መሐል ሜዳ በግ እየጠበቀ ያደገው የአክስቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ ማሽኑ ቢያየው የጡረታ ደብተሩን ይጠይቀዋል። ሸዋ ሮቢት የወረደው ታላቅ ወንድሙ በቆላው ሙቀት ፊቱ ወዝቶ የእሱ ታናሽ መስሏል። የትኛው እንደሚገባ የትኛው እንደሚቀር ማሽኑ ይጨነቅበት።

የእኛም አገር ሕግ ስለ ዕድሜ ዝም አላለም። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። 15 የሞላው መቀጠር ይችላል። በ18 ትመርጣለህ፣ ታገባለህ። አልኮል የሚሸጥልህ ግን 21 ሲሞላህ ነው፤ የ2011ዱ አዋጅ ነው እንዲህ ያለው። እንግዲህ በ18ህ ካገባህ ሠርግህ ላይ ሚዜህ ይጠጣል፣ አንተ ለስላሳ ይዘህ ትስቃለህ።

ይህን አዋጅ ለአባቴ የነገርኩት አረቄ ግዛልኝ ብሎ ሲልከኝ ነው። ብርዱ ከፍቶ ነበር፣ ጋቢውም አልበቃውም። «ለአባቴ ነው በላቸው» አለኝ። አልኳቸው። ሻጯ ዕድሜዬን አልጠየቀችም፤ «አባትህ ደኅና ነው?» ብቻ ብላ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። ቅራሪማ ከነጭራሹ መጠጥ ተብሎ አይቆጠርም። እሱን ለልጅ ሲሰጡ «ያጠነክረዋል» ነው የሚባለው። ስልክ ነው የሚያበላሸን።

የስልክ ነገር ከተነሳ፣ ቤታችን ውስጥ የስልክ ክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራው ብዙ ነው። የእናቴ ፓስወርድ እኔ ጋ ነው። የአባቴም እኔ ጋ ነው። የአያቴን የቴሌብር ፒን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። «እማማ፣ ፒኑን ለማንም አትንገሪ» ስላት «ለማን ነገርኩ? ላንተ ብቻ ነው እኮ» ትለኛለች። የምጠበቀው እኔ፣ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ።

እናቴ ሽሮ እያማሰለች የቲክቶክ ላይቭ ታያለች። ሁለት ሰዎች ይሰዳደባሉ፣ ሕዝቡ ስክሪኑን ይመታል፣ ጊፍት ይዘንባል። ሽሮው አርሮ መሽተት ሲጀምር «ስልክ ላይ አፍጥጠህ እሳቱን አታይም?» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ማር በሽታን ሁሉ ይነቅላል የሚል የድምፅ መልእክት ለእድሩ ግሩፕ ይልካል። ማን እንደተናገረው አይታወቅም፣ ድምፁ ግን የተማረ ሰው ይመስላል። ውሸት ነው ስለው «ነጭ ሽንኩርት አንተ ሳትወለድ የነበረ ነው» ብሎ ለሌላ ግሩፕ ይጨምረዋል።

ለነገሩ ስልክን ወደዚህ አገር ያስገቡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። የተወለዱትም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አንጎለላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836። ስልኩ ሲገባ ከካህናቱ አንዳንዶቹ ሰው በሌለበት ድምፅ የሚያወጣ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አጉረመረሙ ይባላል። ያን ጊዜም የደነገጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ጎረምሳ ፈራ የሚል አልሰማሁም። ምኒልክ ራሳቸው ከመቅደላ አምልጠው የሸዋ ንጉሥ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 21 ገደማ ነው። በዛሬው አዋጅ ቢሆን ጠጅ ማዘዝ የሚፈቀድላቸው ገና ያኔ ነበር።

አገር በሙሉ የተዘጋበት ጊዜም ነበረ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጣ፣ ተሰረዘ። ሐምሌ ላይ እንደገና ሲሰጥ ተማሪው እንዳይዘናጋ ተብሎ ፌስቡክና ጓደኞቹ ተዘጉ። ፈተና የሌለበት አባወራ ሁሉ አብሮ ተቀመጠ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ ተፈታኝ ነበር፤ በነዚያ ቀናት ከእሱ ይልቅ የተጨነቀው አባቱ ነው ይላል። በየደቂቃው «ተከፈተ እንዴ?» እያለ ልጁን ከጥናቱ ያስነሳው ነበር።

ገደብ አይኑር ማለቴ ግን አይደለም። ክፍላችን ውስጥ ጠዋት አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቀመጥ ተማሪ ጥቂት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ጣታቸው ስትገፋ አድራለች። ቪዲዮው ማለቂያ የለውም፤ እንዳያልቅ አድርገው የሠሩት ደግሞ ልጆች አይደሉም። ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የተማሩ፣ ልጆች የወለዱ ሰዎች ናቸው። እነሱ በሠሩት ነገር እኔ ብቻዬን በፈቃዴ ጠንካራነት እንድታገል መጠበቅ አቦ ግፍ ነው። ቅጣቱ ኩባንያው ላይ መሆኑን የወደድኩት ለዚህ ነው። የማይገባኝ ሌላው ነው። ልጁ 16 የሚሞላው አንድ ማክሰኞ ቀን ነው እንበል። ሰኞ ማታ ሕፃን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ነገር ተከፈተለት። በመሃል አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ይሄ እውነት ነው፣ ይሄ ማጭበርበር ነው፣ ይህችን ፎቶ እንዳትልክ» ያለው ማን ነው? አባቴ እንዳይሆን ብቻ። እሱ ገና ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ነው።

እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለእሷ 16 ራሱ ያንሳል፤ 30 ቢሆን ደስ ይለኛል። ስልኬን ይዛ ሳገኛት ነጥቄ «በአንቺ ዕድሜ እኔ ውጪ ነበር የምጫወተው» አልኳት። «አባባን መሰልክ» አለችኝ። እንደዚህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ወላጅ የልጁን ስልክ ከራሱ ስልክ ሆኖ የሚዘጋበት መተግበሪያ አለ አሉት። ስንት ሰዓት እንደተጠቀመ ያሳያል፣ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ይቆልፋል። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝና «በል ጫንልኝ» አለ። ልጁን የሚያስርበትን ገመድ ራሱ ልጁ እንዲገምድለት ነው።

ታዘዝኩ። መተግበሪያው መጀመሪያ የጠየቀው ወላጁ ማን እንደሆነ ነው። ወላጁ ከ18 ዓመት በላይ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። አባቴ ይህን ስልክ የገዛው ባለፈው ክረምት ነው። አካውንቱን የከፈተለት የሱቁ ልጅ ወረፋ በዝቶበት ስለነበር የትውልድ ዘመኑን በእነሱ አቆጣጠር ግንቦት 2012 ላይ ትቶታል። ማለትም ስልኩ እንደሚያውቀው አባቴ 13 ዓመቱ ነው። እኔ 23። ከሁለታችን ማን ወላጅ እንደሚሆን ማሽኑ ለመወሰን አልተቸገረም።

መኝታውን ማታ ሦስት ሰዓት አደረግሁለት። በቀን የተፈቀደለት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ለዕድሜው በቂ ይመስለኛል። የድምፅ መልእክቶቹንም ልከለክል አስቤ ነበር፣ ግን እድሩ ይቀየመኛል ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ማታ ዜና ሊጀምር ሲል ስልኩ ተቆለፈ። አባቴ አገላበጠው። አራገፈው። ቻርጀር ሰካበት። በመጨረሻ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

«ወላጅህን አስፈቅድ ይላል» አለ።

«የፈለግከው ለምንድን ነው?» አልኩት።

እናቴ ከጓዳ ስልኳን ቀሚሷ ውስጥ ስትደብቅ አየኋት።