ከኬሚካል ነፃ ለሆኑ ወገኖቻችን

ሰሞኑን አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ «መቶ በመቶ ከኬሚካል ነፃ» የሚል የታሸገ ውሃ አየሁ። እንኳን ደስ ያለን! ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው እያሉ የገረፉን አስተማሪዎች አሁን ምን ይዋጣቸው? ሁለቱ ከወጡ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደሚቀር ባለሱቁን ጠየቅኩት። «ንጹህ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ባዶ ነገር መቼም ንጹህ ነው።

«እኔ ኬሚካል አልነካም» የሚሉትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየቆረጠሙ ስለ መርዝ የሚያስተምሩን ናቸው። አደንቃቸዋለሁ። ቅር የሚለኝ ግማሽ መንገድ ላይ መቆማቸው ብቻ ነው። ቆራጥ ከሆኑ ከራሳቸው ይጀምሩ እንጂ! 70 ኪሎ የሚመዝኑ አንድ ጋሼ ከኬሚካል ነፃ ሊሆኑ ተነሱ እንበል። መጀመሪያ ኦክስጅናቸውን ያስረክባሉ፤ 45 ኪሎ ገደማ ሄደ። ካርቦኑ 13 ኪሎ ያህል፣ ሃይድሮጅኑ 7። ናይትሮጅኑ 2 ኪሎ ያህል ነው፤ ጡንቻቸውን ይዞ ይወጣል። ሱሪያቸው እዚህ ላይ ይወልቃል። ካልሲየሙ አንድ ኪሎ ነው፤ ግን አጥንትና ጥርስ ስለሆነ ሲያስረክቡ ፈገግ ማለት አይችሉም። ፎስፈረሱም ይከተላል። ደማቸውን የሚያቀላው ብረት 4 ግራም ገደማ ናት፣ እሷም ትውጣ። ወንበሩ ላይ ባርኔጣና መነጽር ቀሩ። የመነጽሩ መስታወት ሲሊከን አለበት። ይውጣ! ጋሼ ነፃ ወጡ።

እነዚህ ሰዎች ጨው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቄ ይጠፋል። አዮዲን ያለውን ጨው «ኬሚካል ተጨምሮበታል» ብለው እርጉዝ ሴት የሚያስጥሉ አሉ። የደጋውን አፈር አዮዲን ጎርፍ ጠርጎታል። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው ለጌጥ አይደለም። አዋቂ በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ጥቂት የጨው ቅንጣት አይመዝንም። እርጉዝ ትንሽ ይጨመርላታል። እሱን ካጣች እሷ እንቅርት ሊወጣባት፣ የልጇ አእምሮ ደግሞ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ሊጎዳ ይችላል። ያ ጉዳት አይመለስም። የማታውቀውን ነገር ለነፍሰ ጡር ከምትመክር ምን አለ ዝም ብትል!

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነውና፣ መካሪው ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ሮዝ ጨው በውድ ይሸጥላታል። «ተፈጥሯዊ» ነው። ሮዝ ያደረገው ብረት ኦክሳይድ ነው፣ የዝገት የቅርብ ዘመድ። ለእሱማ ማን ብር ያወጣል? የሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያ በነፃ ይፋቅላችኋል።