ረጅም እግር ሁልጊዜ አይሻልም

ስለ ባይፖድ (ጠመንጃ የሚያርፍበት ባለ ሁለት እግር መደገፊያ) ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ስንመርጥ ረጅሙን እንድንገዛ ይመክራል። አልስማማም። ተኝቶ ለሚተኩስ ከ15 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚዘረጋው ይበቃል፤ እግሩ በረዘመ ቁጥር አፈሙዙ ይወዛወዛል። ከ34 እስከ 69 የሚደርሰው ተቀምጦ ለሚተኩስ ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ዙሪያ በጥቅምት ሣሩ ጉልበት ሲያልፍ ለአደን (ፈቃድ ላለው ማለቴ ነው) የሚሆነው እሱ ብቻ ነው።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር ግን ጠመንጃውን የሚይዘው የባይፖዱ አንገት ወደ ጎን ማጋደል መቻሉ ነው፤ መሬቱ ባይስተካከልም ጠመንጃውን ቀጥ ለማድረግ። የጣና ዳር ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ አንዱን እግር ብቻ ይውጣል። ጥይቱ በሚተኮስበት ርቀት 2 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ጠመንጃው 3 ዲግሪ ቢያጋድል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ያስታል። የሚያጋድልና በማጥበቂያ የሚቆለፍ ይሁን።

የባይፖዱ እግር ጫማም ይለያያል፦ ለደረቅ አፈር ሹል ብረት፣ ለጭቃ ሰፊ፣ ለሲሚንቶ ጎማ፤ ሲሚንቶ ላይ ከሥሩ ጨርቅ ካልተነጠፈ ይነጥራል። ቃታ ከመሳብ በፊት በትከሻ ትንሽ ወደፊት ገፋ ማድረግ፣ ሰደፉ ሥር ደግሞ አሸዋ የሞላ ካልሲ። በማንገቻው ቀለበት የሚታሰረው ዓይነት ከጥቂት ተኩስ በኋላ ብሎኑ ስለሚላላ እየፈተሹ ማጥበቅ ነው።