ቶሎ ነቅሎ ለሚሸኝ ሐኪም የቀረበ ምስጋና

የጥርስ ሕክምናን ጥራት በምን እንለካ ብለው ዘመናቸውን ሙሉ መመሪያ የሚያረቁና የቁጥጥር ቅጽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች መኖራቸውን በሰማሁ ቁጥር ከልቤ አዝንላቸዋለሁ። እኛ ታካሚዎች ጥያቄውን መልሰን ከጨረስን ሰነበትን፤ ጥሩ ሐኪም ማለት ቶሎ ነቅሎ የሚሸኝ ነው። ይህ መለኪያ ሥልጠናም ሆነ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሁሉ ተቆጣጣሪ መሆን ይችላል።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባው ወደ ሐኪም የምንሄድበትን ጊዜ የምንመርጥበት ጥበብ ነው። ጥርስ መበላሸት ሲጀምር በገጹ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ይታያል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ለውጠው ከላይኛው ሽፋን ማዕድን መዝረፍ መጀመራቸው ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ፍሎራይድ የተባለው ጥርስ አጠንካሪ ማዕድን ባለበት የጥርስ ሳሙና በደንብ መቦረሽና ጣፋጭ መቀነስ ብዙ ጊዜ ያለ መሰርሰሪያ ነገሩን ያስቆሙታል። አስተዋይ ታካሚ ግን በእንዲህ ያለ ተራ ነገር ሐኪም አያስቸግርም። ቀዳዳው ጠንካራውን ሽፋን አልፎ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍል በልቶ፣ ነርቩ ጋ እስኪደርስ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፤ የሚነክስበት ጥርስ ያጣ ጊዜ በእኩለ ሌሊት ሐኪም ማፈላለግ ይጀምራል። ድዱ ቢደማ ደግሞ መፍትሔው በእጁ ነው፤ የሚደማውን ቦታ አለመቦረሽ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ጠያቂ ሐኪም እጅ ላይ መውደቅ ነው። ስኳር አለብህ ወይ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ ፔኒሲሊን ይቆጣሃል ወይ፣ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልሃል ወይ እያለ ካርዱን ይሞላል። ሰውየው የመጣው ለጥርሱ ነው፤ ልቡን ማን ጠየቀው? ደሙ አልቆም ቢል ወይም ቁስሉ አልድን ቢል የሚመለስበትን መንገድ ያውቀዋል። ይባስ ብሎ ሐኪሙ ኤክስሬይ ያዛል። የነርቭ ሕመም ከአጎራባች ጥርስ የመጣ መስሎ ሊሰማ እንደሚችል፣ አልፎ አልፎም የታችኛው መንጋጋ ሕመም ከላይኛው ጋር እንደሚምታታ ያስረዳል። ፈጣኑ ሐኪም እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የለበትም፤ ጣታችን ያረፈበትን ይነቅላል፤ ሕመሙ ካልቆመ ጎረቤቱን ያስከትላል። ለአዋቂ ሰው 32 ጥርስ መሰጠቱ ለዚሁ ሙከራ መጠባበቂያ እንዲሆን ሳይታሰብ አልቀረም።

ስለ መሣሪያ ንጽሕና የሚነሣው ክርክር ከሁሉ የላቀ ትዕግሥት የሚፈታተን ነው። በእንፋሎትና በግፊት ጀርም የሚገድለው አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በ134 ዲግሪ ደግሞ 3 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት ይላሉ፤ ይህም ለማሞቂያና ለማድረቂያ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር ነው። መሣሪያው አስቀድሞ ታጥቦና ተፈግፍጎ፣ በከረጢት ታሽጎ፣ ከረጢቱም በታካሚው ፊት እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ በላዩ ያለው ምልክት ቀለም መቀየሩ ብቻ አላጠግብ ብሏቸው፣ ሙቀትን አጥብቆ የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር በየጊዜው ማሽኑ ውስጥ ከትተው መሞቱን ያጣራሉ። ውጭ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ! በአልኮል ጠረግ አድርጎ ለሚቀጥለው አፍ የሚያቀርበው ሐኪም የወረፋን ክብር ያውቃል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም ወረፋ ሳይጠብቅ ያልፋል።

የጓንቱንም ነገር ሳላነሣ ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ጓንት ያጠለቀው እጅ ስልክ ያነሣል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ የመብራቱን እጀታ ያዞራል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም ወደ አፋችን ይመለሳል። ጓንቱ የሐኪሙን እጅ ከእኛ አፍ በሚገባ ጠብቆታል፤ አፋችንን ከምን እንደጠበቀው የጠየቀ ታካሚ ግን አላጋጠመኝም። እኛ አስቀድመን የመጠበቂያ ክፍሉን ሶፋ ልስላሴና የቴሌቪዥኑን ስፋት መርምረን አልፈናልና።

ጥርሱን ማዳን ይቻላል የሚል ሐኪም ሲገጥመን ወዲያው ነጋዴ መሆኑ ይገባናል። የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ሙሌትና መንቀል እያለ አማራጮችን ከነጉዳትና ጥቅማቸው ዘርዝሮ የትኛውን ትመርጣለህ ካለን ደግሞ፣ ሥራውን ስለማያውቅ እኛን ማማከሩ ነው ብለን እንታዘበዋለን። ክፍተቱ ሳይተካ ሲቆይ የግራና የቀኝ ጥርሶች ወደዚያ እንደሚያዘነብሉ፣ ትይዩው ጥርስም እየወጣ እንደሚመጣ መንገሩ ለማስፈራራት እንጂ ለሌላ አይደለም።

ከመነቀል የተረፈ ካለ አንቲባዮቲክ ይዞ ካልወጣ ታከምኩ አይልም። የተቆጣ ነርቭ ሕመም በአንቲባዮቲክ እንደማይድን፣ መግል ለቋጠረ ጥርስም ዋናው ሕክምና መግሉን ማውጣትና ምንጩን ማጽዳት እንደሆነ የሚናገር ሐኪም እንደ ቆንቋና ይታያል። አንዳንዴ ነርቩ ራሱ ሲሞት ሕመሙ ጸጥ ይላል፤ ምስጋናውን ክኒኑ ይወስዳል፣ ኢንፌክሽኑም ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። ጥንቁቁ ታካሚ የመድኃኒቱን ግማሽ አስቀርቶ፣ ፊቱ ላበጠ ዘመድ ያለ ማዘዣ ይለግሳል።

መውጫው ላይ ሐኪሙ ጎዙን፣ ማለትም ደም ማቆሚያውን ጨርቅ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰህ ቆይ፣ ለ24 ሰዓት አትጉመጥመጥ፣ አታጭስ፣ ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋ ደም እንዳይነሣ ይላል። ታካሚያችን ራሱን በአክብሮት ነቅንቆ በሩ ላይ ጎዙን ይተፋል፣ ሲጋራውንም ይለኩሳል። ጸሐፊዋ ለቀሪዎቹ ጥርሶች የምርመራ ቀጠሮ ይያዝልህ ስትለው ትዝብት የተሞላበት ፈገግታ ያሳያታል፤ እነሱ እኮ ገና አላመሙትም።