ለማህፀን ሐኪም ጋብቻ አይጠበቅም

አዲስ አበባ መሃል ከተማ የምታድግ የ15 ዓመት ልጅ ስትወፍር ዘመድ ሁሉ አስተያየት አለው። አንዱ «ተመችቶሻል» ይላታል፤ ሌላው ምሳ ላይ እንጀራዋን ይቆጥርባታል። የወር አበባዋ ለአራት ወር ሲጠፋ ግን ጠያቂ የለም። እናት ብታውቅም «ዕድሜዋ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

እርግጥ የወር አበባ ካየች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት መዛባቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለ90 ቀን ከቀረ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ውፍረት ሲበዛ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ቆሽትም ለማካካስ አብዝቶ ያመነጫል። የተትረፈረፈው ኢንሱሊን ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋፋዋል፤ እንቁላል በወቅቱ አይለቀቅም። አገጭ ላይ ፀጉር ይወጣል፣ ብጉር ይበረታል፣ የአንገት ቆዳ ይጠቁራል። ይህን ጥቁረት እድፍ መስሏቸው የልጃቸውን አንገት በሳሙና የሚፈትጉ እናቶች አሉ! ፒሲኦኤስ የሚባለው ይህ ችግር፣ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶውን ይይዛል፤ ካለባቸው ውስጥ እስከ 70 በመቶው አልታወቀላቸውም። ቀጭን ልጅንም ስለሚይዝ የሆዳምነት ቅጣት አድርጎ ማየቱ ይቅር።

ለምን ሐኪም ዘንድ አትሄድም? ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ የማህፀን ሐኪም በር ላይ ወረፋ ከያዘች፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሁሉ እርግዝና ይጠረጥራል። እናት ደግሞ የልጇ ድንግልና ያሳስባታል። ምርመራው የሚጀምረው ግን በጥያቄ፣ በክብደትና በደም ግፊት ልኬት፣ በደም ናሙና ነው። የወር አበባ ካየች 8 ዓመት ላልሞላት ልጅ ፒሲኦኤስን ለመለየት አልትራሳውንድ እንኳ አይመከርም።

«ክብደት ቀንሺ» ማለትስ ቀላል ነው። የት ትሩጥ? ከመሃል ከተማ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ቪላ ተከራይተው የሚያስተምሩ ናቸው፤ ግቢው ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍም ይጠባል፤ ስፖርት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያልቃል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ያማረ የእግረኛ መንገድ ተዘርግቷል፤ ልጅቷ ግን በሰርቪስ መስኮት ታየዋለች፣ ድንች ጥብስና ለስላሳዋን ይዛ።

የከተማዋ ጤና ጣቢያዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት ለልጃገረዶች ብቻ ይመድቡ። በሩ ላይ «ማህፀን» የሚለውን አንስተው «የወጣት ሴቶች ጤና» ብለው ይጻፉ፤ ነርሷም ከሚዛኑ በፊት ስለ ወር አበባዋ ትጠይቃት።