የቀዳማዊት እመቤቷን የጥርስ ሳሙና ማን ይከፍላል?

«የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚስት ደመወዝ አላት፤ ልብሷም ቀለቧም በመንግሥት ነው» ለተባለው፦ ስህተት ነው። በዓመት 400,000 ዶላር የሚከፈለው ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ለትዳር ጓደኛ የሚፈቅደው ረዳት ሠራተኞችን እንጂ ደመወዝን አይደለም።

ፕሬዚዳንቱና ቤተሰቡ ቤት ኪራይና መብራት አይከፍሉም፤ ለውጭ አገር መሪ የሚደረገው የራት ግብዣም የመንግሥት ወጪ ነው። ቤተሰቡ ለራሱ የበላው፣ ላውንደሪውና የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር ግን ተመዝግቦ በየወሩ ቢል ይመጣል። የፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ባለቤት ናንሲ ሬገን በ1981 ይህ ቢል ሲደርሳቸው ተገርመው ነበር፤ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረምና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልብስ ነው። ለልብስ የተመደበ የመንግሥት በጀት የለም። ዲዛይነር ለትልቅ ግብዣ ቀሚስ በስጦታ ሲያቀርብ፣ እንደ ሚሼል ኦባማ ጊዜ፣ በመንግሥት ስም ይወሰድና አንዴ ከተለበሰ በኋላ ወደ ብሔራዊ መዛግብት ይሄዳል። ከውጭ መንግሥት የመጣ ስጦታም ሕጉ ከወሰነው ዋጋ (በ2023 480 ዶላር) ካለፈ የአገር ንብረት ነው፤ ቀዳማዊት እመቤቷ የፈለገችውን በገበያ ዋጋው መግዛት ትችላለች። ችግር የሚፈጠረው በውሰት ነው፤ ናንሲ ሬገንን በ1982 ያስተቸው ከዲዛይነሮች የተዋሱት ልብስ ነበር።

ናንሲ ሬገን «በሕዝብ ግብር ሳህን ገዙ» የሚለው ግን ፍትሐዊ አይደለም። 4,370 ቁራጭ ያለውን፣ 209,508 ዶላር የፈጀውን የዋይት ሐውስ የሸክላ ዕቃ የከፈለው የግል በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ዕቃውም ዛሬ ድረስ የዋይት ሐውስ ነው።