ቅጽልን አርታኢ ያወጣዋል

አባቶቻችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። መልአኩ ግን ሥራውን ከግማሽ አድርሶ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ለሕፃኑ ስም ይሰጠዋል እንጂ፣ ያ ሕፃን አድጎ ሚኒስትር ሲሆን ልንወደው ይገባን እንደሆነ፣ ከሥልጣኑ ሊወርድም ስንት ቀን እንደቀረው አይነግረንም። ይህን ጉድለት የሞላልን የእንግሊዝኛ ዜና አርታኢ ነው። በእርሱ ዘንድ የተጸውዖ ስም ራቁቱን ከቤት አይወጣም፤ ከፊቱ አንድ ቅጽል ይሰለፍለታል። እኔም የእንግሊዝኛ ዜና ወደ አማርኛ እየመለስኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው እንደመሆኔ፣ ለዚህ ጥበብ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

«ኢምባትልድ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ጠላት የከበበው፣ ጦር የተነሣበት እንደማለት ነው። አንድ የብሪታንያ ሚኒስትር ችግር ላይ ሲወድቅ በመጀመሪያው ቀን ስሙ ከነማዕረጉ ብቻውን ይጻፋል፤ ጋዜጦቹ «ይልቀቅ ወይስ ይቆይ» ማለት በጀመሩ ማግስት ግን ቅጽሉ ከፊቱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ተማሪ ቢመርቅም፣ ችግኝ ቢተክልም፣ ልጁን ቢድርም፣ ጦር እንደከበበው ሆኖ ነው የሚመርቀውና የሚተክለው። ከበባው የማን እንደሆነ መጠየቅ ነገረኝነት ነው፤ ከከባቢዎቹ መካከል ቃሉን ያተመው ጋዜጣ ራሱ መኖሩን ማንሣትማ ጨርሶ ጨዋነት አይደለም። «ኮንትሮቨርሻል»፣ አወዛጋቢ ማለት፣ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ቆጣቢ ነው። ማን ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ እንደተወዛገበ ለመዘርዘር ሁለት ዓምድ ይፈጅ የነበረውን ሥራ ይህ አንድ ቃል ጨርሶለት ጸሐፊው ለምሳ ይወጣል።

ብልሃቱ ያለው ቅጽሉ በተቀመጠበት ስፍራ ነው። ጸሐፊው «ይህ ሰው አይታመንም» ብሎ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ ማስረጃ አምጣ ይባላል። «የማይታመነው እገሌ ትናንት ወደ ስብሰባው ገባ» ሲል ግን፣ አንባቢው ገባ አልገባም እያለ በግሱ ሲከራከር፣ ቅጽሉ ሳይፈተሽ በሩን አልፎ ከውስጥ ወንበር ይዟል። ወደ አማርኛ ሲሻገር ደግሞ ተጨማሪ ውበት ያገኛል። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ ስለማያውቅ «ዲስግሬስድ» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገላል፤ እኛ ግን ሰውየው በዕድሜም በማዕረግም ከፍ ያለ ከሆነ «በቅሌት የተዋረዱት ክቡር ሚኒስትር» ማለት ግድ ይሆንብናል፤ በአንድ ትንፋሽ አዋርደን እናከብራለን።

ቅጽል ከሰው ይልቅ ታማኝ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጋዜጦች አፕል የተባለውን የኮምፒውተር ኩባንያ «ቢሊገርድ አፕል» ይሉት ነበር፤ መከራ የጸናበት አፕል ማለት ነው። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ የኩባንያው የክርስትና ስም እስኪመስል ደርሶ ነበር። በ1997 ኩባንያው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ከባላንጣው ከማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላር ስለተቀበለ፣ ቅጽሉ ያለ ምክንያት ተለጠፈ አይባልም። ያው አፕል በኦገስት 2018 ከአሜሪካ ኩባንያዎች ሁሉ ቀድሞ የገበያ ዋጋው አንድ ትሪሊዮን ዶላር ሲደርስ ግን፣ ያንን ቅጽል ማን እንደተረከበው፣ ርክክቡም በምን ሰነድ እንደተፈጸመ ማንም አልነገረንም። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር አኪሌስን «እግረ ፈጣኑ» ይለው ነበር፤ ጀግናው ተቀይሞ ከድንኳኑ ተቀምጦ ሳለ እንኳ እግረ ፈጣን ነው። ሆሜር ቅጽሉን የሚደጋግመው የስንኙ ልክ እንዲሞላለት ነው፤ የዛሬው ዜና ጸሐፊ ግን ስንኝ የሚሉት ግዴታ ሳይኖርበት፣ በገዛ ፈቃዱ፣ በነጻ ያደርገዋል።

ዱሮ እንግሊዞች በዚህ ነገር ዘገምተኞች ነበሩ። ለንጉሥ ቅጽል ሲሰጡ ከስሙ በኋላ ነበር የሚያስከትሉት፤ አልፍሬድ ታላቁ እንዲሉ። በ1016 የሞተው ንጉሥ ኤተልረድ የስሙ ፍቺ «የከበረ ምክር» ነበር፤ በዚያው ላይ በቃላት ጨዋታ «ምክር የለሹ» የሚለው ቅጽል ተጽፎ የተገኘው ንጉሡ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያኔ ቅጽል ከስሙም ከሞቱም በኋላ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ከስሙም ከፍርዱም በፊት ይመጣል። የእኛዎቹም ቢሆኑ ኋላ ቀሮች ነበሩ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ለመባል ቢያንስ ፈረስ ያስፈልጋቸው ነበር፤ አሁን እግረኛውም ቢሆን አንድ አርታኢ እስካየው ድረስ ያለ ቅጽል አይቀርም።

አሜሪካኖች ጥበቡን ከጋዜጣ አውጥተው ለምርጫ ዘመቻ አውለውታል። ሊንከንን «ሐቀኛው ኤብ»፣ ኩሊጅን «ዝምተኛው ካል»፣ ኒክሰንን «ተንኮለኛው ዲክ» ሲሉ ኖረው፣ በ2015 እና በ2016 ዶናልድ ትራምፕ የችርቻሮውን ሥራ ወደ ጅምላ አሳደጉት። «ውሸታሙ ቴድ»፣ «አጭበርባሪዋ ሂላሪ»፣ «ትንሹ ማርኮ» እያሉ ለእያንዳንዱ ተቀናቃኝ አንድ አንድ አደሉ። የጄብ ቡሽ ደጋፊዎች ለዘመቻው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበው ነበር፤ ትራምፕ «ወኔ ቢሱ ጄብ» ለማለት ያወጡት ወጪ ግን ምንም ነው፤ ጄብም በፌብሩዋሪ 2016 ከደቡብ ካሮላይና ድምፅ በኋላ ተሰናበተ። በፖሊሲ ላይ በመከራከር ይባክን የነበረውን ጊዜ ስናስብ እንዲህ ያለ ቁጠባ ሽልማት ሲያንሰው ነው። «ትንሹ ማርኮ» የተባሉት ማርኮ ሩቢዮም በ2025 በዚያው ሰው ካቢኔ ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ቁመታቸው በመካከሉ በስንት ሴንቲሜትር እንደጨመረ ግን የለካ የለም።

ሰዋስው ለሚወድ ሰው ደግሞ ሌላ ግብዣ አለ። እንግሊዝኛ ከተጸውዖ ስም ፊት «ኧ» ወይም «አን» የምትባለውን ቃል አያስገባም ብለው አስተምረውናል። ባለስሙ ስሜት ሲይዘው ግን ሕጉ ይላላል፤ «አን አንግሪ ትራምፕ» ይጻፋል፤ አንድ የተቆጣ ትራምፕ፣ ሌሎች ያልተቆጡ ትራምፖች በመጋዘን ተደርድረው አርታኢው ለዕለቱ የሚስማማውን መርጦ ያወጣ ይመስል። «ፑር» የሚለው ቅጽል ደግሞ ከሰው ስም ፊት ሲቆም ድህነትን ትቶ ሐዘኔታ ይሆናል። ይህን ሳላውቅ በጀማሪነቴ «ፑር ጄን» የሚለውን «ድሃዋ ጄን» ብዬ መልሼ፣ ከሁለት አንቀጽ በኋላ ሴትዮዋ ሁለት ቪላ ሸጠች የሚል ሳነብ፣ ድህነቷን ላለማጠፍ ስል ቪላዎቹን ወደ ጎጆ ልለውጣቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከቅጽሎች ሁሉ በጣም የሚሠራው የትውልድ አገር ቅጽል ነው። የቴኒስ ተጫዋቹ አንዲ መሬይ ሲያሸንፍ ብሪታንያዊ፣ ሲሸነፍ ስኮትላንዳዊ ይባላል የሚለው ቀልድ በእንግሊዝ አገር የታወቀ ነው፤ በ2013 በዊምብልደን ሲያሸንፍ ከ1936 ወዲህ የመጀመሪያው ብሪታንያዊ ወንድ ሆኖ ተጻፈ፤ በዚያ ቀን ስኮትላንድ እንግዲህ ትኑር አትኑር። አዳማ ተወልዳ በ2008 ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን ሐሰንም «በኢትዮጵያ የተወለደችው ሆላንዳዊት» የሚለውን ረጅም ጓዝ ተሸክማ ትሮጣለች፤ ከነጓዙ ማሸነፏ ያስደንቃል። እዚህ ላይ እኛም እጃችን ንጹሕ አይደለም። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ሲፋን ትግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ስትገባ፣ «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ» የምትለው ቃል ከሽንፈታችን ግማሹን ወደ ድል ለውጣልናለች። ግማሽ ድል ያመጣልን ቅጽል እንዴት ይነቀፋል?

አገሮችም ቅጽላቸውን ይዘው ነው የሚጓዙት። ሶማሊያ «በጦርነት የታመሰችው»፣ ናይጄሪያ «በነዳጅ የበለጸገችው»፣ ቀጠር «ትንሿ»፣ ሰሪ የተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ደግሞ «ዛፍ የበዛበት» ናቸው፤ ለሰሪ የደረሰው ቅጽል ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ልብ ይሏል። የእኛዪቱ ኢትዮጵያ ኤርትራ በ1993 ነጻ ከወጣች ወዲህ «ወደብ አልባ» የሚለውን ለዘለቄታው ተረክባለች፤ ስለ ቡናም ይሁን ስለ ሩጫ ቢጻፍ አርታኢው ባሕር እንደሌለን ለዓለም ማስታወስ አይሰለቸውም። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፤ ሆኖም የእንግሊዝኛው ጋዜጣ ስለ ባንኮቿና ስለ ሰዓቶቿ ሲጽፍ፣ ሐዘኗን ላለመቀስቀስ ይሆናል፣ ይህን ሳያነሣ ያልፋል።

ፓኪስታን ጎርፍ ቢያጥለቀልቃት እንኳ «ኑክሌር የታጠቀችው ፓኪስታን» ተብላ ነው የምትሰጥመው። ብሪታንያ ከ1952፣ ፈረንሳይ ከ1960 ጀምሮ ያንኑ ቦምብ ይዘዋል። «ኑክሌር የታጠቀችው ፈረንሳይ የአይብ ዋጋ ጨመረባት» የሚል ዜና ግን እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ ላይ አልደረሰም፤ የደረሰ ቀን አንዲት ቅጽል ሳላጎድል እመልሰዋለሁ።