ለትንሽ ልጅ ስፌቱ የሚታይ ፊልም ይሻላል

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ማታ በልጅነቴ የወደድኩትን ፊልም ላሳያት ቸኮልኩ። «ኢ.ቲ.»ን ነው የምላችሁ፤ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1982 የሠራውን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እኔ ጭንቅላት ውስጥ የቀረችው በጨረቃዋ ፊት የምትበረው ብስክሌት ብቻ ነበረች። ያ ከሌላ ዓለም የመጣ ምስኪን ፍጡር ገርጥቶና ደርቆ ውሃ ዳር ወድቆ እንደሚገኝ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። የጠፈር ልብስ የለበሱ ሰዎች ቤቱን እንደሚወሩትም እንዲሁ። ልጄ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ሞተ እንዴ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ይነሳል» አልኳት። አላመነችኝም። ለቅሶው ሲጀመር እኔ ሪሞት ፍለጋ ሶፋ ሥር ነበርኩ።

ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ ግሩም ፊልም ነው። ለእሷ የመረጥኩ መስሎኝ ለትዝታዬ ነበር የመረጥኩት። ቆየት ያሉ የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞችን ከልጁ ጋር ማየት የሚፈልግ ወላጅ አንዴ እዚህ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም።

«ታዲያ የዕድሜ ምልክቱን አታይም ነበር?» የሚለኝ አለ። አይቻለሁ። የአሜሪካኖቹ «ጂ» ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል ማለት ነው። በ1971 የወጣው «አንድሮሜዳ ስትሬይን» ይህን ምልክት አግኝቷል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከአንድ ሕፃንና ከአንድ ሽማግሌ በቀር ነዋሪዋ ሁሉ ባለቀባት ትንሽ ከተማ ነው። የ1968ቱ «የዝንጀሮዎች ፕላኔት»ም «ጂ» ነው። «ፒጂ-13» የሚባለው መካከለኛ ደረጃ የመጣው ገና በ1984 ነው። የድሮ ፊልም ላይ የተለጠፈ ምልክት የሚነግራችሁ የዚያን ዘመን ሰዎች ምን እንዳስደነገጣቸው ነው። ስለ እናንተ ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም።

ደግሞም ትንንሽ ልጆች የሚፈሩት እኛ የምንፈራውን አይደለም። የልጆችን ፍርሃት ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ያለን ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው መልክ ነው። «ይህ ነገር እኔም ላይ ሊደርስ ይችላል» የሚለው ፍርሃት የሚመጣው ከፍ ሲል ነው። የድሮው የቴሌቪዥን «ሀልክ» አንድ ሰው ሲናደድ የሚለወጥበት፣ ሌሎችን የሚያድን ደግ ፍጡር ነበር። ትንንሾቹ ግን ሰውየው አረንጓዴ ሆኖ ሸሚዙ ሲተረተር ነው ልባቸው የሚርደው። «ውሸት እኮ ነው» ብትሏቸው ምንም አይጠቅምም።

ውሸቱ እንዴት እንደተሠራ ብታሳዩዋቸው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ደግሞ አሮጌ ፊልምን የሚያህል የለም። የዛሬዎቹን ኮምፒውተሩ አለስልሷቸዋል፤ ስፌታቸው አይገኝም። የድሮዎቹ ላይ ካርቶኑ፣ ቀለሙ፣ ላስቲኩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ትልቅ ሰው ይስቅበታል። ልጅ «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ» ይላል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሙከራ ከሥሩ ጀመርኩት፤ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊዬስ በ1902 ከሠራው «ወደ ጨረቃ ጉዞ»። አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ድምፅ አልባ ስለሆነ የማይገባ ቋንቋ የለውም። ሹል ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች ይጨቃጨቃሉ። በመድፍ ይተኮሳሉ። መንኮራኩራቸው ሄዳ ጨረቃ ዓይን ውስጥ ስክት ትላለች። ልጄ ይህችን ቦታ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሜሊዬስ ወደ ፊልም የመጣው ከመድረክ አስማት ነው። የጨረቃ ነዋሪዎች በጃንጥላ ሲመቱ ቡን ብለው ጭስ ይሆናሉ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ካሜራው ይቆማል፣ ተዋናዩ ይወጣል፣ በቦታው ጭስ ይደረጋል፣ ካሜራው ይቀጥላል። እኛም በስልክ ሞከርነው። መጀመሪያ ትራስ አጠፋን። ቀጥሎ እኔን አጠፋችኝ፤ በጣም ደስ አላት።

በማግስቱ ግን ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። «ምን አድርገዋቸው ነው የሚመቷቸው?» እውነቷን ነው። ሰዎቹ ሳይጠሩ ሄደው፣ ጃንጥላ ያነሱት እነሱ ናቸው። አንዱንም ማርከው አምጥተው በአደባባይ ያሳዩታል። ይህን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼ አንድም ቀን በዚያ በኩል አላሰብኩትም። ያን ቀን ማታ ስለዚህ ያወራነው ከፊልሙ ይረዝማል።

ስምንት ሲሞላቸው ደግሞ የ1951ዱ «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» አለ፤ ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀው፣ ጥቁርና ነጭ። ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ዋሽንግተን ላይ ያርፋል። ስጦታ ያወጣል። አንድ ወታደር ደንግጦ ይተኩስበታል። ፊልሙ ከተጀመረ ገና ምኑም አልተነካም። ወሬው ይበዛል፣ ልጁ መሀል ላይ ሊቁነጠነጥ ይችላል፤ ግድ የለም፣ ጎርት የሚባለው ሮቦት አለላችሁ። ውስጡ የነበረው ሎክ ማርቲን የተባለ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ሰው ነው። ልብሱ ሁለት ነበር፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ የሚታሰር። ፊቱ ሲቀረጽ ከኋላ የታሰረውን ይለብሳል፣ ጀርባው ሲቀረጽ ሌላውን። ይህን ለልጅ ንገሩና ፊልሙን መልሳችሁ ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ማንም ጎርትን አይፈራም፤ ሁሉም ማሰሪያውን ነው የሚፈልገው።

ስለ «ስታር ዋርስ» የሚጨቃጨቀው ሰው ብዙ ነው፤ ከየትኛው ክፍል ይጀመር እያለ። የእኔ ችግር ሌላ ነው። በ1977ቱ ፊልም ዋናውን ባለታሪክ ያሳደጉት አጎቱና አክስቱ ተቃጥለው አስከሬናቸው ይታያል። ሰባት ዓመት እስኪሞላ ምን ያስቸኩላል? የስታንሊ ኩብሪክን «2001» የሚባለውን ፊልም ደግሞ እርሱት። የመጀመሪያው ቃል እስኪሰማ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ መጨረሻውን ለማስረዳት እኔ ራሴ አስረጂ እፈልጋለሁ።

ሞት ያለበትን ማየት የግድ ከሆነ በ1999 የወጣውን የብራድ በርድን «አይረን ጃያንት» እመርጣለሁ። ክላሲክ ለመባል ትንሽ ወጣት ነው፣ ይሁን። ታሪኩ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ በመጠቀችበት በ1957 ነው። ግዙፉ ሮቦት በአዳኞች የተገደለች አጋዘን ያይና ግራ ይገባዋል። ትንሹ ልጅ ቁጭ ብሎ ሞት ምን እንደሆነ ያስረዳዋል። ትልቁ ሐዘን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ኢ.ቲ.» ላይ ያጣሁት ይህችን ቅድመ ዝግጅት ነው፤ እኔ ላዘጋጃት ይገባ ነበር።

ልጄ አሁን ዘጠኝ ሊሞላት ነው። በቀደም ራሷ «ያንን የሞተውን እንጨርሰው» አለችኝ። ሪሞቱን እሷ እንድትይዝ ተስማማን። ውሃው ዳር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አቆመችው። ተነስታ ወደ መኝታ ቤት እየሄደች «መጀመሪያ አንተ ብቻህን እየው፣ ከዚያ ንገረኝ» አለችኝ።